ያልተጠየቀው ፈቃድ፤ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ምሥጢር

መጽሐፍን ማንበብና መጽሐፍን መመርመር አንድ ሥራ አይደለም። አንባቢ ታሪኩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ደስ በሚያሰኘው ቦታ ይስቃል፥ በሚያሳዝነው ቦታ ያለቅሳል። መርማሪ ግን ታሪኩ ካለቀ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ያ ደስታና ያ ኀዘን ከምን ምንጭ እንደ ፈለቀ ይጠይቃል። ይህም ነገር በቅኔ ቤት የታወቀ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንድ ቅኔ ሰምቶ «ይህ ስለ ጥምቀት የተነገረ ነው» ቢል መምህሩ በዚህ ብቻ አይለቁትም፤ «ሰሙስ ምንድር ነው? ሰሙና ወርቁስ በየትኛው ቃል ተጋጠሙ?» ብለው ይጠይቁታል። ይህን መመለስ ያልቻለ ተማሪ ወርቁን በግምት አገኘው እንጂ ቅኔውን ፈታው አይባልም።

በአሁኑ ዘመን ስለ ታላላቅ ልብ ወለድ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ የሚጻፈው ሐተታ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያለ ግምት ነው። ተማሪው የመጽሐፉን ፍሬ ነገር፥ ዛሬ ጭብጥ የሚባለውን፥ ግለጽ ተብሎ ሲታዘዝ «ፍቅር፥ ጭቈና፥ የትውልድ ልዩነት፥ ጐጂ ልማድ» እያለ ባለሱቅ ዕቃውን እንደሚቈጥር ይቈጥራል። የቈጠረው ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ስላለ ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ ነገር ግን ያንኑ ዝርዝር በሌላ ዐሥር መጽሐፍ ላይ ቢያኖረው ያው ይስማማልና ይህን መጽሐፍ ገለጠ ለማለት አይቻልም። የእያንዳንዱ ነገር መኖር ሳይሆን፥ ነገሮቹ በምን ገመድ እንደ ታሰሩ መታወቅ ነበረበት።

ይልቁንም ችግሩ የሚጸናው መጽሐፉ ከተጻፈበት አገር ርቆ ለሚማር ልጅ ነው። ከደጋው ወርዶ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ አዋሽ ከተማንና የአፋርን በረሓ ዐልፎ፥ ከአሳይታ ወዲያ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ ከሐይቆች ወደሚገባበት ወደ አፋምቦ ይደርሳል። በዚያ ለሚማር የአርብቶ አደር ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተሰጥቶት ምሥጢሩን ጻፍ ቢባል፥ የድጓውን ዜማ፥ የቅኔውን ቤት፥ የጎጃም መኳንንት የሚመኩበትን የዘር ቈጠራ በዐይኑ አላየም። ዝርዝሩን ከሌላ ሰው ደብተር ይገለብጣል እንጂ ከልቡ ምን ሊጽፍ ይችላል? እንግዲህ የአንድ ሐተታ መፈተኛው ይህ ይሁን፤ የመጽሐፉ ምሥጢር በዲማ ለሚኖረው ደብተራም፥ በአፋምቦ ለሚኖረው ልጅም፥ ለሁለቱም በየልባቸው የሚገባ ሆኖ መገለጥ አለበት።

የመጽሐፉ ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ከካህን አባት ተወለዱ። በአገራቸው አድባራት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከነቅኔው ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ዘምተው፥ ተማርከውም በኢጣልያ አገር ታስረው ነበር። ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት መንግሥታቸውን ሲያገለግሉ ቆይተው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜም መጽሐፉ ፊደል ካልቈጠረው ሕዝብ ጆሮ ሳይቀር ደረሰ። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ቢያርፉም መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ በሰው እጅ ይዞራል።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚነገረው ቃል በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን «ይህ የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ወገን ግን «ይህ መኳንንቱንና ካህናቱን ለመንቀፍ የተጻፈ ነው» ይላል፤ ከዚህም ወገን እኩሌቶቹ መጽሐፉን ስለ ነቀፋው ያመሰግኑታል፥ እኩሌቶቹም ስለዚያው ነቀፋ ይጠሉታል። የአብነት ተማሪ ይህን መጽሐፍ በእጁ ባይዝ ይሻላል ብለው የሚያስቡም አሉ። እነዚህ ሁሉ ወርቅ ፍለጋ ሲቸኩሉ ሰሙን ረግጠውት ዐልፈዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰሙን ማየት ይገባል።

በማንኩሳ የሚኖሩ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት አንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙንም በዛብህ አሉት። ውድነሽ ከዚያ በፊት ያገቧት ባሎች እየሞቱባት በሰው ዘንድ የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ቦጋለም ብዙ ዘመን በሰው ቤት የደከመ ድኻ ነበረ። ስለዚህ ይህ ልጅ ለሁለቱም በስተርጅና የመጣ ብርሃን ሆነላቸው። ልጁ ግን በሕፃንነቱ እየታመመ ለሞት ይቃረብ ነበርና፥ ቢድንላቸው በድንግልና ኑሮ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ዳነም። ለትምህርት ተሰጠ፤ በዜማውና በቅኔውም ከጓደኞቹ በላይ ሆነ፤ በመጨረሻም ወደ ዲማ ደረሰ።

በዲማ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባለርስትና ባለትውልድ ነበሩ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ጠያቂ አጥታ አይደለም፤ ጠያቂው ሁሉ በዘሩ ከእርሷ በታች ነው እየተባለ ሲመለስ ለጋብቻ የተለመደው ዕድሜ ዐለፈባት። ይህችን ልጅ እንዲያስተምር በዛብህ ወደ ቤታቸው ተጠራ። መምህርና ተማሪ ተዋደዱ። ነገሩ በታወቀ ጊዜ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ ሰብለም ከአባቷ ቤት ጠፍታ ፍለጋውን ተከተለች። ሲገናኙ ግን እርሱ ለሞት ተቃርቦ ነበር። እርሷም መንኵሳ ከመቃብሩ አጠገብ ቀረች። ሰሙ ይህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ቤት ጐን ለጐን አቁሞ መመልከት ነው። አንደኛው የድኾች ቤት ነው፥ ሁለተኛው የጌቶች። በአንደኛው ቤት ልጅን ለእግዚአብሔር ሰጡ፤ በሁለተኛው ቤት ልጅን ለማንም አንሰጥም አሉ። አንደኛውን ያንቀሳቀሰው ፍቅርና ፍርሀት ነው፥ ሁለተኛውን ያንቀሳቀሰው ትዕቢት ነው። ሲያዩአቸው ሰማይና ምድር ይመስላሉ። ነገር ግን በሁለቱም ቤት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል። በዛብህ ሲሰጥ ፈቃዱን የጠየቀው የለም፤ ሰብለ ስትከለከልም ፈቃዷን የጠየቃት የለም። የድኻው ስእለትና የጌታው የዘር ቈጠራ በመልክ ተለያይተው በግብር አንድ ሆኑ። ሰሙና ወርቁ የተጋጠሙበት ቃል ይህ ነው፤ ያልተጠየቀ ፈቃድ።

ይህ ማሰሪያ ከተገኘ በኋላ ሌላው የመጽሐፉ ክፍል በየቦታው ይገባል። ብዙ መርማሪዎች የገበሬዎቹን ዐመፅ ከፍቅሩ ታሪክ ጋራ የማይገናኝ ትርፍ ታሪክ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎች እነርሱም ሳይጠየቁ የሚታዘዙ ነበሩ፤ ጫናው በበዛባቸው ጊዜ ተባብረው «አይሆንም» አሉ። በዛብህና ሰብለ ያጡትን ይህን ቃል ገበሬዎቹ አገኙት፤ ያገኙትም ብዙዎች ስለ ነበሩ ነው። አንድ ልጅ በእናቱና በአባቱ ፍቅር ላይ ብቻውን «አይሆንም» ለማለት ያለው ኀይል ግን እጅግ ጥቂት ነው። የፊታውራሪው ዘመድ ካሳ ዳምጤም እውነቱን በመናገሩ «ጉዱ ካሳ» ተብሎ እንደ እብድ የተቈጠረው ሌላው ሰው ሊጠይቅ የማይደፍረውን ስለሚጠይቅ ነው። እንግዲህ የፍቅሩ ታሪክ፥ የገበሬው ዐመፅና የካሳ ንግግር ሦስት የተለያዩ ጭብጦች አይደሉም፤ አንዱ ነገር በቤት፥ በአገርና በአንድ ሰው ልብ ሲታይ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይነሣል። ደራሲው ስእለትን በዚህ ዐይነት ሲያቀርቡ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት ነቅፈዋልን? ይህን ለመመለስ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለ ስእለት ምን እንደሚል መመርመር ያሻል። ስለ ልጅ ስእለት ሲነሣ ሁሉ የሚያስታውሰው ሐናን ነው። ሐና ከመፅነሷ በፊት ልጇን ለእግዚአብሔር ተሳለች፤ ሳሙኤልንም ከቤተ መቅደስ አኖረችው። ይሁን እንጂ ያ በስእለት የተሰጠ ሳሙኤል ኋላ ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ሁለት ልጆች እንደ ነበሩት በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል። የሐና ስእለት ልጇን ለአገልግሎት ሰጠው እንጂ ከጋብቻ አልከለከለውም። ደግሞም በኦሪት ዘሌዋውያን መጨረሻ ምዕራፍ ሰው በስእለት ቢሰጥ በግምት የሚዋጅበት ሥርዐት ተሠርቷል፤ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ወንድ ልጅ ግምቱ አምስት ሰቅል ብር ነበረ። እንግዲህ ሕጉ ራሱ፥ የወላጅ ቃል በልጅ ላይ መውጫ የሌለው እስራት እንዳይሆን የምሕረት በር ትቶለት ነበር። በር ያልተተወለትን የዮፍታሔን ስእለት ማሰብ ነው፤ አባት አፉን ከፈተ፥ ዋጋውን ግን ልጅቱ ከፈለች።

የቤተ ክርስቲያንም ሥርዐት ከዚህ የተለየ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ድንግልናን እጅግ ታከብራለች፤ ነገር ግን መነኵሴ የሚሆን ሰው በገዛ ፈቃዱ መጥቶ፥ በአመክሮ ተፈትኖ፥ ከዚያ በኋላ ይመነኵሳል። በሌላ ሰው ስእለት ተጐትቶ የመጣ መናኝ ገና አልተጠራም። ዲያቆንም ከመቀሰሱ አስቀድሞ በተክሊል ያገባል፤ ደብተራውም ሚስትና ልጆች ይዞ ማኅሌት ይቆማል። ስለዚህ በዛብህ አግብቶም እግዚአብሔርን ማገልገል በተቻለው ነበር። በሩን የዘጋችበት ቤተ ክርስቲያን አይደለችም፤ የእናትና የአባት ፍርሀት ነው። ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው፥ ከተጠየቁት በላይ ሰጡ፥ የእነርሱ ያልሆነውንም ጨመሩበት። ይህን ያስተዋለ ካህን መጽሐፉን በጠላትነት አይመለከተውም፤ ስእለት ለመሳል ወደ እርሱ ለሚመጡ ወላጆች የሚሰጠውን ምክር ያገኝበታል እንጂ። ዛሬም ልጃቸውን ለምንኵስና፥ ወይም ለሕክምና፥ ወይም ለባሕር ማዶ ኑሮ በልባቸው ተስለው፥ ልጁን የማይጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸውና።

ቦጋለንና ውድነሽን ግን መኰነን አይገባም። የደራሲው ጥበብ ከዚህ ላይ ጐልቶ ይታያል። ክፉ ሰዎች ክፉ ቢሠሩ ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻን ጠልቶ ማለፍ ይቻላልና። እነዚህን ሁለት ድኾች ግን የሚጠላ አንባቢ አይገኝም። ልጃቸውን ከራሳቸው አስበልጠው ይወዱታል፤ የሚጐዱትም በዚያው ፍቅር ነው። በዛብህም አይጠላቸውም። ሰብለን በወደደ ጊዜ የሚያስጨንቀው የፊታውራሪው ቍጣ ብቻ አይደለም፤ በእናቱና በአባቱ አፍ የተነገረው ቃልም እንደ ገዛ ኀጢአቱ ሆኖ ይከሰዋል። ሳይጠየቅ የታሰረ ሰው እስራቱን የራሱ ፈቃድ አድርጎ ሲቈጥረው፥ ያ ከእስራት ሁሉ የከፋ ነው።

መጽሐፉን በቅኔ ዐይን ለሚያየው ደግሞ ሁለት ኅብር አለ። የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በዛብህን ከሴት ሊለየው የታሰበው ስእለት ወደ ትምህርት ቤት አገባው፤ ትምህርቱ ወደ ዲማ አደረሰው፤ በዲማ የታወቀው ዕውቀቱ ደግሞ የፊታውራሪውን ደጅ ከፈተለት። ባይማር ኖሮ የገበሬ ልጅ ከሰብለ ወንጌል ጋራ በአንድ ክፍል ሊቀመጥ ባልቻለም ነበር። እንግዲህ ያገናኛቸው ያው ሊለያያቸው የታሰበው ስእለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም፤ ወላጅ የልጁን መንገድ ሁሉ አስቀድሞ ሊያጥር ቢሞክር፥ አጥሩ ራሱ መንገድ እንደሚሆን የሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው ኅብር በአርእስቱ ላይ የተቀመጠው «መቃብር» የሚለው ቃል ነው። ባልና ሚስት እስከ ሞት እንዳይለያዩ ይጋባሉ፤ የጋብቻ ወሰኑ መቃብር ነው። መነኵሴም በሚመነኵስበት ጊዜ ለዓለም እንደ ሞተ ተቈጥሮ የሙታን ጸሎት ይደረስለታል፤ የምንኵስናም መጀመሪያው መቃብር ነው። በዛብህ ሁለቱን በሙሉ ሳያገኝ ሞተ። ሰብለ ግን በአንድ መቃብር አጠገብ ሁለቱን አገኘች፤ በልቧ ሚስት፥ በቆቧ መነኵሲት ሆነች። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ይህን የመጨረሻውን ኑሮ ማንም አላዘዛትም። በመጽሐፉ ውስጥ ሰብለ በራሷ ፈቃድ ያደረገቻቸው ታላላቅ ነገሮች መውደዷ፥ ከአባቷ ቤት መውጣቷና መመንኰሷ ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ ምንኵስናን አላዋረደም። በፍርሀት የተጀመረውን የልጅ ስእለት በፈቃድ በተደረገ ምንኵስና ፈጸመው። ይህን ፍጻሜ ያላየ ሰው መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያንን ይነቅፋል ቢል አይፈረድበትም፤ ያየው ግን እንዲህ ሊል አይችልም።

መጽሐፉ ጕድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ጉዱ ካሳ ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው የደራሲው ድምፅ ነው፤ ንግግሩ ይረዝምና ሰውየው ተረስቶ ስብከቱ ብቻ ይቀራል። በቦጋለ ቤት በዝምታ የተነገረው ነገር በካሳ አፍ በጩኸት ሲደገም ይዳከማል እንጂ አይበረታም። እንደዚሁም በዛብህ ከሸሸ በኋላ ታሪኩ በአጋጣሚ ላይ እጅግ ይደገፋል። እስከዚያ ድረስ አንዱ ነገር ሌላውን እየወለደ የመጣ ሲሆን፥ በመጨረሻው መንገድ ላይ ግን ክፉ ዕድል የሰውን ሥራ ተክቶ ይሠራል። የታሪኩ አመጣጥ የበዛብህን ሞት ከወላጆቹ ስእለትና ከፊታውራሪው ትዕቢት ሊያወጣው ሲችል በመንገድ ላይ ክፉ አጋጣሚ ማድረጉ የማሰሪያውን ገመድ ጥቂት አላልቶታል። መርማሪ ይህን አይቶ ዝም ማለት አይገባውም፤ የመምህርን ቅኔ ማክበር ማለት ቤት የሚጐድልበትን ስፍራ አለማየት አይደለምና።

ሳይጠየቁ ስለሚጋቡና ስለሚታሰሩ ወጣቶች መጻፍ በአማርኛ የተጀመረው በዚህ መጽሐፍ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ስለ ጋብቻ፥ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ በ«አዲስ ዓለም» ከውጭ አገር ተምሮ ከአገሩ ልማድ ጋራ ስለ ተጋጨ ወጣት ጽፈው ነበር። ነገር ግን እርሳቸው አንባቢውን ለመምከር ጻፉ፤ ምክሩ ከታሪኩ ቀድሞ ይታያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ምክሩን በታሪኩ ውስጥ ሰወሩት፤ ሰም አለበሱት። ስለዚህ የኅሩይን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ምክሩን ይቀበላል ወይም ይመልሳል፤ የሐዲስን ያነበበ ግን ማንንም ሳይጠይቅ የወሰነበትን ልጅ አስታውሶ ያፍራል።

አሁን ወደ አፋምቦው ተማሪ መመለስ ይገባል። በአፋር ሕዝብ ዘንድ አብሱማ የሚባል የታወቀ የጋብቻ ልማድ አለ። በዚህ ልማድ ወንዱ የአባቱን እኅት ልጅ ለማግባት መብት አለው፤ ልጅቱም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባሏ ከየትኛው ቤት እንደሚመጣ ታውቃለች። ልማዱ ዘመድን ከዘመድ ያስተሳስራል፤ በበረሓ ለሚኖር ሕዝብም የዘመድ ትስስር በድርቅና በችግር ጊዜ መጠጊያ ነው። ሽማግሌዎቹ በክፋት አልሠሩትም፤ ቦጋለና ውድነሽም በክፋት አልተሳሉም። እንግዲህ ያ ተማሪ ድጓ ሰምቶ ባያውቅ፥ የቅኔ ቤት ባያይ፥ በዛብህን ለመረዳት ምን ይቸግረዋል? «ልጁ ተጠይቆ ነበርን?» የሚለውን ጥያቄ በራሱ መንደር ያውቀዋል። ከዚያ ተነሥቶ ቢጽፍ ከዲማው ደብተራ የማያንስ ሐተታ ይጽፋል፤ ምናልባትም ከገዛ እኅቱ ፊት ተቀምጦ ስለሚጽፍ ይበልጥ ይጠነቀቃል።

እንግዲህ ስለ ታላቅ መጽሐፍ ሐተታ የሚጽፍ ሰው ሥራውን በዚህ ተራ ቢያደርገው ይጠቅመዋል። አስቀድሞ ታሪኩን ሳይፈርድበት በንባቡ ይናገር። ቀጥሎ በመልክ የተለያዩ፥ በግብር ግን አንድ የሆኑትን ሁለት ነገሮች ይፈልግ፤ የመጽሐፉ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ መካከል ይገኛልና። ከዚያ በኋላ ያገኘው ማሰሪያ ሌላውን ክፍል ሁሉ ይይዝ እንደ ሆነ ይፈትን፤ የማይይዘው ክፍል ካለ ወይ መርማሪው ተሳስቷል፥ ወይ ደራሲው ደክሟል፤ የትኛው እንደ ሆነ በግልጥ ይናገር። አንድምታ የሚያስተምሩ መምህራን «አንድም» ብለው አዲስ ትርጓሜ ሲጨምሩ ከንባቡ ሳይለቁ ነው፤ ንባቡ የማይሸከመውን ትርጓሜ የጫነ ሰው መጽሐፉን ሳይሆን ራሱን ተረጐመ። በመጨረሻ ያገኘውን ምሥጢር መጽሐፉ ወዳልደረሰበት አገር ወስዶ ይጠይቅ፤ በዚያም የሚገባ ከሆነ ምሥጢር ነው፥ የማይገባ ከሆነ ግን የአንድ አገር ወሬ ብቻ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ፈተና ዐልፏል። ወላጅ ልጁን ለእግዚአብሔር መስጠቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐና ልጇን ከቤተ መቅደስ ባኖረችው ጊዜ፥ እግዚአብሔር ሳሙኤልን የጠራው በእናቱ ስም ሳይሆን በገዛ ስሙ ነበር፤ ብላቴናውም በገዛ አፉ መለሰ። በዛብህ ግን ያንን ጥሪ በገዛ ስሙ ሳይሰማ፥ በገዛ አፉም ሳይመልስ ወደ መቃብር ወረደ።